ይህ የእኔ አይደለም

ልጆቼ፣

ነጭ ጋውን ለብሳችሁ ከመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ ልትቆሙ ለምትዘጋጁት ነው የምጽፈው። ጎንደር በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1954 ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታስተምር ኖራለች፤ እኔንም ያስተማረችኝ እርሷ ናት። ያላስተማረችኝን ግን አንዲት ከደንቢያ የመጡ እናት አስተማሩኝ።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። ዕለቱ ቅዳሜ ስለነበር ገበያተኛው በሩን ሞልቶታል። ማዘዣው እስከ «ክሎርፕሮ» ድረስ ይነበባል፤ የቀረው ዶሮ የጫረው ይመስላል። እጄ ዐይኔን ሳይጠብቅ ክሎርፕሮማዚን ወዳለበት ሄደ። ፍሬዎቹን ቆጠርሁ፤ ማንበብ ለማይችሉ እንደምናደርገው ፖስታው ላይ ፀሐይና ጨረቃ ሣልሁ። እርሳቸው ከፈት አድርገው አዩና «ይህ የእኔ አይደለም ልጄ» አሉኝ።

«ፋብሪካው ሲለያይ መልኩም ይለያያል እናቴ» ብዬ ሸኘኋቸው። ይቺን መልስ ዛሬም በየመድኃኒት ቤቱ እሰማታለሁ፤ በሰማኋት ቁጥር ጆሮዬ ይግላል።

በሩ ላይ አብሯቸው ለመጣው ልጅ «ስኳሬን ባያነሳብኝ» ሲሉ ሰማሁ። ክሎርፕሮማዚን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ነው። የታዘዘላቸው የስኳሩ ክሎርፕሮፓማይድ ነበር። ወረፋውን ትቼ፣ ጋውኔን እንደለበስሁ ቁልቁለቱን ሮጥሁ። ደግነቱ ገና አልዋጡትም። ስህተቱ በተገላቢጦሽ ቢሆንስ? ክሎርፕሮፓማይድ ስኳር የሌለበትን ሰው የደም ስኳር አውርዶ ራሱን ሊያስተው ይችላል፤ ከሰውነትም ቶሎ አይወጣም።

ቋንቋችንን አስቡት። «አለ» የሚለው ቃል ጠብቆ ሲነበብ መኖርን፣ ላልቶ ሲነበብ መናገርን ይገልጻል። ወረቀቱ ላይ ግን አንድ ነው፤ የምንለየው በፊትና በኋላው ባለው ነገር ነው። የመድኃኒት ስምም እንዲሁ ነው፤ ከሕመሙ ተነጥሎ ብቻውን ሲነበብ ያሳስታል።

ፈረንጆቹም በዚህ ተቸግረዋል። አሜሪካ ውስጥ የጨጓራው ሎሴክ ከሚያሸናው ላሲክስ ጋር እየተምታታ በእነርሱ አቆጣጠር በ1990 ፕሪሎሴክ ተባለ፤ በ2016 ደግሞ የድብርት መድኃኒቱ ብሪንቴሊክስ፣ የደም መርጋትን ከሚከላከለው ብሪሊንታ እንዲለይ ትሪንቴሊክስ ሆነ። በተመሳሳይ ስሞች መካከል የሚለያዩትን ፊደላት በትልልቁ መጻፍም ከእነርሱ የመጣ ዘዴ ነው። እኔም መደርደሪያዬ ላይ በቀይ ቀለም ጽፌያለሁ፤ ጥሩ ነው፤ ግን ዐይን ቀይንም ይለምዳል።

የእናንተ ዘመን ፈተና ሜትፎርሚንና ሜትሮኒዳዞል ናቸው። ሁለቱም ባለ 500 ሚሊግራም ይገኛሉ፤ ኮምፒውተሩ ላይ የመጀመሪያዎቹን ፊደላት እንደነካችሁ ሁለቱም ተከታትለው ይመጣሉ። አንዱ ለስኳር፣ ሌላው ለአሜባ። በፊደል ተራ ጎን ለጎን አትደርድሯቸው። ለዓይን የሚያምር መደርደሪያ አንዳንዴ አደገኛ መደርደሪያ ነው።

ከሁሉ በላይ ጠይቁ። አጠያየቁ ግን ይለያያል። «የስኳር ነው አይደል?» ካላችኋቸው የእኛ አገር ትልቅ ሰው «አዎ ልጄ» ይላል፤ ባለ ጋውኑን ላለማሳፈር። «ሐኪሙ ለምን ሕመም አዘዘልዎ?» በሉና ዝም በሉ። መልሱ እጃችሁ ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ፣ ሐኪሙ ቢቆጣም ደውሉ፤ እርሱ የተናገረውን ስም ደግማችሁ አንብቡለት። እኔ በደወልሁባቸው ጊዜያት ሁለት ሦስት ሐኪሞች ተቆጥተውብኛል። ቁጣቸው እስከ ምሳ ሰዓት አልቆየም።

እኚያ እናት በየወሩ መምጣታቸውን አላቋረጡም። ግን ፍሬዎቹን መዳፋቸው ላይ ዘርግፈው፣ አንድ በአንድ አገላብጠው ሳያዩ ከባንኮኒው ንቅንቅ አይሉም ነበር። ከኋላ ያለው ወረፋ ያጉረመርማል፤ እኔ እስኪጨርሱ ቆሜ እጠብቃለሁ።