«ሪዝሊንግ ጣፋጭ ነው ወይ?» ላለችኝ ልጅ

ፍራንክፈርት ውስጥ አስተናጋጅነት የጀመረች ልጅ ባለፈው ደውላ፣ «ጋሼ፣ ሪዝሊንግ ጣፋጭ ነው ወይስ ጎምዛዛ?» አለችኝ። ሪዝሊንግ የነጭ ወይን ዓይነት ነው። ሥራ ላይ ስለነበረች አጠር አድርጌ መለስኩላት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

እዚሁ ከተማ አስተናጋጅ በሆንኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። አንድ ሽማግሌ ጀርመናዊ ብቻቸውን ገቡና ሃያ ዓመት የቆየ፣ ከጀርመኑ የሞዝል ወንዝ ሸለቆ የመጣ ሪዝሊንግ አዘዙ። ከምድር ቤት የመጨረሻዋን ጠርሙስ አወጣሁ። ቡሹን ነቅዬ አሸተትኩ። ላምባ! ልጅ ሆኜ ያጠናሁበት የኩራዝ ሽታ ቁጭ። ተበላሽቷል ብዬ ማንንም ሳልጠይቅ እቃ ማጠቢያው ውስጥ ደፋሁት። ሌላ አዲስ ወይን ይዤላቸው ሄድኩ።

«የመጀመሪያውስ?» አሉኝ።

«ተበላሽቶ ነበር፣ ደፋሁት።»

«ምን ይሸት ነበር?»

«ላምባ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። «እኔ እኮ የፈለግኩት እሱን ነበር» አሉ።

አልተቆጡም። ከአዲሱ አንድ ብርጭቆ ጠጥተው፣ ሙሉውን ከፍለው ሄዱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ተመልሰው አልመጡም።

ለጋ ሪዝሊንግ አረንጓዴ ፖም፣ ሎሚ፣ ኮክ ይሸታል። ሲያረጅ ነው ላምባው የሚመጣው። ፀሐይ በሚበረታበት፣ እንደ አውስትራሊያው ክሌር ቫሊ ባለ ቦታ፣ ቶሎ ይመጣል። ያን ሁሉ ዓመት የሚያቆየው ጎምዛዛነቱ ነው።

በኋላ ሞዝል ድረስ ሄድኩ። ብሬም የምትባል መንደር ካልሞንት የሚሉት ተራራ አለ፤ ወይኑ የተተከለው ገደል ላይ ነው ማለት ይቻላል። መሬቱ እንደ ቅጠል እየተሰነጠቀ የሚነሳ ጥቁር ድንጋይ ነው። አመሻሽ ላይ አንዱን አንስቼ ያዝኩት፤ የቀኑ ሙቀት አልወጣለትም። ሪዝሊንግ ዘግይቶ የሚበስል ወይን ነው፤ በዚያ ብርድ የሚያበስለው ይሄ ድንጋይ ነው። አገሩም እዚሁ ጀርመን ነው። ለፍራንክፈርት ቅርብ በሆነችው ሩሰልስሃይም፣ በ1435 (እ.ኤ.አ.) በተጻፈ የሂሳብ መዝገብ ላይ ስሙ ሰፍሯል።

የዛሬ ልጆች ፈጣኖች ናችሁ፤ ግን ሳታሸቱ በፊት ስልካችሁን ታያላችሁ። አልወደውም። ያኔ ስልክ ቢኖረኝ ያቺ ጠርሙስ ትተርፍ ነበር፤ ይህንንም አልክድም።

ወደ ጥያቄሽ ስመለስ፣ ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። ጠርሙሱ ላይ የአልኮሉን መጠን እዪ። 8 በመቶ አካባቢ ከሆነ ስኳሩ ሁሉ ወደ አልኮል አልተቀየረም፤ ይጣፍጣል። 12 ካለፈ አብዛኛውን ጊዜ ድራይ ነው፤ አይጣፍጥም ማለት ነው። «ትሮክን» ከተጻፈበት አትጠራጠሪ፣ ድራይ ነው። አሮጌ ጠርሙስ ከፍተሽ ላምባ ከሸተተሽ ደግሞ፣ ትንሽ ቅጂና ለእንግዳው አቅርቢለት። እሱ እስኪቀምስ እዚያው ቁሚ።