«ኪራዩ ርካሽ ነው» ብለህ አትክፈት

ሰሞኑን አንድ የባሕር ዳር ልጅ፣ የግራፊክስና የአኒሜሽን ሥራ ለመጀመር ገንዘብ ያጠራቀመ፣ «ጋሼ፣ እዚሁ ልክፈት ወይስ አዲስ አበባ ልግባ?» አለኝ። መልሱን ሳስብ ደብረ ማርቆስ የነበረችን የታፔላና የማስታወቂያ ቤት ትዝ አለችኝ።

ደርግ በወደቀ ማግሥት ነው የከፈትናት። እኔ ሒሳብ ያዥ፣ ጓደኛዬ ሰዓሊ። ቤቷ የቀበሌ ነበረች፤ በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት ሲወረስ በወር እስከ መቶ ብር የሚከራየው ለቀበሌ ስለተሰጠ ኪራይ አሳስቦን አያውቅም። ጓደኛዬ ቆርቆሮ ላይ ሲጽፍ መስመር አያሰምርም፤ የ«ሐ»ን እግር ስቦ እስኪጨርስ ትንፋሹን ይይዛል። የከተማው መሥሪያ ቤት ሁሉ ታፔላውን የሚያሠራው በእርሱ እጅ ነበር። የዛሬ ልጆች ባነር ከኮምፒውተር አውጥታችሁ ስትሰቅሉ ሥዕል የሠራችሁ ይመስላችኋል! ይቅር፣ ወደ ነገሬ ልመለስ።

ባሕር ዳር የክልል መቀመጫ ስትሆን ዳጎስ ያለው ትዕዛዝ ወደዚያ ዞረ። ኪራያችን ያው ርካሽ ነው፤ ደጃችንን የሚረግጥ ግን ጠፋ። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጅ ወጥቶ አዲስ አበባ በመጽሔት ስትጥለቀለቅ የሽፋን ሰዓሊ ተፈለገ። ጓደኛዬ ብሩሾቹን በጋዜጣ ጠቅልሎ ዓባይን ተሻገረ። «ቆይ» ልለው አልቻልኩም፤ ምን ሥራ ይዤ? ያን የመሰለ እጅ ያበቀለች ማርቆስ የምታሠራው ማጣቷ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ልጁ የጀርመኗን ከተማ ላይፕዚግን ምሳሌ አድርጎ ተከራከረኝ፦ በምሥራቅ ጀርመን ሶሻሊዝም ከወደቀ በኋላ ማምረት ያቆመ የጥጥ ፋብሪካ የሰዓሊዎች መንደር ሆኗል፤ ባሕር ዳርም የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አላት። የላይፕዚጉ እውነት ነው። ነገር ግን እዚያ የሥነ ጥበብ አካዳሚ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1764 ነው። ሰዓሊው ቀድሞ ከተማው ውስጥ ነበር፤ ርካሹ አዳራሽ ኋላ የመጣ ሲሳይ ነው።

ኢንተርኔት ሥራህን አዲስ አበባ ያደርስልሃል፤ ሥራ የሚሰጥህ ሰው ግን መጀመሪያ ቡና አብሮህ የጠጣ ነው። ስለዚህ ለጊዜው አዲስ አበባ ሂድና በሙያህ ሰው ድርጅት ውስጥ ተቀጠር እላለሁ። ይህን እያልኩም ልቤ «ቅር» ይላል፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው አለ፣ አማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን አለ፣ ሆቴሉ ብዙ ነው። ከእነዚህ አንዱ ቅድሚያ ክፍያ ከሰጠህ አዲስ አበባን እርሳት። እንዲሁ «እናሠራሃለን» ካሉህ ግን የቤት ውል አትፈርም።