ሳይኮሎጂ ልትማሩ ያሰባችሁ ጠይቁኝ

የመጀመሪያ ዲግሪዬ በሳይኮሎጂ፣ ሁለተኛው በካውንስሊንግ ነው። ትምህርት ቤትም ኤንጂኦም ሠርቻለሁ። የዲፓርትመንት ምርጫ በደረሰ ቁጥር በውስጥ መስመር የሚመጣልኝ ጥያቄ ተመሳሳይ ስለሆነ ዛሬ እዚሁ በአደባባይ እንጨርሰው ብዬ ነው። ጠይቁ፤ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ፍሬሽማን ጨርሻለሁ። የሞላሁት ሕግ ነበር፣ የደረሰኝ ሳይኮሎጂ። ዶርም ውስጥ ሰው የሞተብኝ ይመስል ሁሉም "አይዞህ" ይለኛል። ልቀጥል ወይስ ዊዝድሮው ልሙላ?

"ጋሼ" የሚያስብለኝ ዕድሜ ላይ አልደረስኩም፣ ግን ይሁን። አትውጣ። ቢያንስ አንድ ሴሚስተር ተማርና ከዚያ ወስን። በየክፍሉ ሳይኮሎጂን አንደኛ አድርጎ ያልሞላ ተማሪ ሞልቷል፤ ከነሱ ውስጥ ጥሩ ባለሙያ የወጣው ጥቂት አይደለም።

አንድ ነገር ግን ልንገርህ። ፍሬሽማን ላይ ጀነራል ሳይኮሎጂ ስለወሰድክ ትምህርቱን ያየኸው እንዳይመስልህ። ያ ኮርስ የፍሬሽማን ዓመት በ2012 ዓ.ም. ሲመለስ ለኢንጂነሩም ለአካውንታንቱም እንዲሰጥ የገባ ነው፤ ሁሉንም በሩጫ እያስነካካ ያልፋል። ዲግሪው የሚጀምረው ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው፦ የዕድገት ሳይኮሎጂ፣ ባዮሎጂካል፣ ሶሻል፣ ፐርሰናሊቲ፣ ከዚያ ስታቲስቲክስና የምርምር ዘዴ፣ አብኖርማል (የአእምሮ ሕመሞችን የሚያጠናው)፣ የሥነ ልቦና ምዘና፣ ካውንስሊንግ፣ መጨረሻ ላይ ፕራክቲከም (ተቋም ሄዶ መለማመድ) እና ሲኒየር ኢሴይ (የመመረቂያ ጥናት)።

ጥያቄ፦ ሂሳብ አለው ወይ? እውነቱን ንገረን። ከሂሳብ ሸሽቼ ነው ሶሻል የገባሁት።

አለው። ሸሽተህ የመጣኸው ነገር እዚህም በር ላይ ቆሞ ይጠብቅሃል። ካልኩለስ አይደለም፤ ስታቲስቲክስ ነው። ብዙ ተማሪ ወገቡ የሚቆረጠው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ሁለት ሴክሽን አንድ ፈተና ወሰዱ እንበል፤ የሁለቱም አማካይ 60 ነው። በአንደኛው ሴክሽን ሁሉም ከ55 እስከ 65 ባለው ውስጥ ነው። በሌላኛው 20 ያመጣም 100 የደፈነም አለ። አማካዩን ብቻ ያየ ሰው "እኩል ናቸው" ብሎ ያልፋል። መምህሩ ግን ሁለቱን ክፍሎች በአንድ ዓይነት መንገድ ሊያስተምር አይችልም። ያንን ልዩነት በቁጥር የሚነግርህ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ነው። ይህ ከገባህ የአይኪው ፈተና አማካዩ 100፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 15 ነው ሲባል 130 ያመጣ ልጅ ከአማካዩ በሁለት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (በ30 ነጥብ) ከፍ ማለቱን፣ እንዲህ ያለና ከዚያ በላይ ውጤት ያለው ከመቶ ሰው ሁለት ገደማ ብቻ መሆኑን ታነባለህ። ካልገባህ ቀመሩን ሸምድደህ ታልፋለህ፤ ሦስተኛ ዓመት ላይ ቲ-ቴስትና ሪግሬሽን የሚባሉ የስታቲስቲክስ ስሌቶች ሲመጡ ግን የምትይዘው ይጠፋሃል።

ኤስፒኤስኤስ ሶፍትዌሩ ሁሉንም ያሰላል፣ እውነት ነው። የትኛውን በተን እንደምትጫን የሚነግርህ ግን የለም። ሲኒየር ኢሴያቸውን ኢንተርኔት ካፌ ከፍለው የሚያስተነትኑ ልጆች ዲፌንስ ላይ (ጥናታቸውን በመምህራን ፊት ሲያቀርቡ) "ለምን አኖቫ ተጠቀምክ?" ሲባሉ ዝም የሚሉት ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ይህን መርጣለች። የእብድ ሐኪም ልትሆን ነው ወይ? ጎረቤት ሲጠይቀኝ ምን ልበል?

እናቴ፣ ሐኪም አትሆንም። መድኃኒት የምታዝዘው ሳይካትሪስት ናት፤ እሷ መጀመሪያ ሕክምና ተምራ፣ ዶክተር ሆና፣ ከዚያ በአእምሮ ሕክምና ስፔሻላይዝ ያደረገች ናት። በአገራችን ይህ የስፔሻሊቲ ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው 1995 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ሐኪሞቹ ውጭ ሄደው ነበር የሚማሩት። የርስዎ ልጅ የምትማረው ሰው እንዴት እንደሚያስብ፣ እንደሚያድግ፣ እንደሚማር፣ ሲጨነቅም እንዴት እንደሚረዳ ነው። ለጎረቤት "የሰው ጠባይ ታጠናለች" ይበሉ። እብድ የሚለውን ቃል ደግሞ ልጅቷ ከአንደኛ ሴሚስተር በኋላ ራሷ እቤት ውስጥ ታስተዋለች፤ ይዘጋጁ።

ጥያቄ፦ እኔን አሁን እያነበብከኝ ነው?

ጥያቄህን ብቻ ነው ያነበብኩት።

ጥያቄ፦ ሥራ አለው ወይ? ሌላውን ሁሉ ተወው።

አለ፣ ግን "ሳይኮሎጂስት" የሚል በር ላይ ተጽፎ አይጠብቅህም። የእኛ ባቾች የተበተኑበትን ልንገርህ፦ የግል ትምህርት ቤት ካውንስለር፣ ስደተኛና ተፈናቃይ ባለበት ሁሉ በሳይኮሶሻል ሠራተኝነት (ጋምቤላ፣ አሶሳ፣ ጅግጅጋ)፣ ከዓረብ አገር ተመላሽ እህቶችን የሚቀበሉ መጠለያዎች፣ የኤችአይቪ ምክር አገልግሎት፣ የሕፃናት ጥበቃ፣ ባንክና ፋብሪካ ውስጥ የሰው ኃይል ክፍል። ጥቂቶቹ በዩኒቨርሲቲ በረዳትነት ቀርተዋል።

ኤንጂኦው ደህና ይከፍላል፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ኮንትራቱም ያልቃል። ትምህርት ቤቱ ቋሚ ነው፤ ነገር ግን ካውንስለሩን ያረፈደ ተማሪ መቅጫና የቀረ መምህር መተኪያ የሚያደርግ ዳይሬክተር ብዙ ነው። ስትቀጠር የሥራ መዘርዝሩን በጽሑፍ ጠይቅ። ትምህርት ላይ ሳለህ ደግሞ ክረምቱን በበጎ ፈቃድ አሳልፍ፤ ማስታወቂያው ሁሉ "የሁለት ዓመት ልምድ" ነው የሚለው፣ ልምዱ ከየት እንደሚመጣ ግን አይነግርህም። የአካባቢ ቋንቋ መቻል ከጂፒኤ በላይ ሲያስቀጥር አይቻለሁ። ካምፕ ውስጥ ሶማሊኛ ወይም ኑዌርኛ የሚናገር ልጅ ከሰቃዩ ቀድሞ ይገባል።

ጥያቄ፦ ዲግሪውን እንደያዝኩ የካውንስሊንግ ቢሮ መክፈት እችላለሁ? አንዳንዶች በቴሌግራም እያስከፈሉ ሲሠሩ አያለሁ።

አትክፈት። የመጀመሪያ ዲግሪ ስለ ሥነ ልቦና የሚያሳውቅ እንጂ ቴራፒስት የሚያደርግ አይደለም። ካውንስሊንግ የሚባለው ኮርስ ላይ የምትለማመደው ከጎንህ ከተቀመጠ ጓደኛህ ጋር ነው፤ እሱ "ችግር አለብኝ" እያለ ይተውናል፣ አንተም "ስሜትህ ይገባኛል" ትላለህ፣ ሁለታችሁም ትስቃላችሁ። ራሷን ለማጥፋት ያሰበች ሴት ሌሊት ስትደውልልህ ግን ትወና የለም። ምን ትጠይቃታለህ? ወዴት ትልካታለህ? በላይህ ሆኖ ሥራህን የሚያይ ሰው ማን ነው? ይህን የሚያሠለጥነው ማስተርስና በሱፐርቪዥን ሥር የሚሠራ ልምምድ ነው።

ድርጅት ውስጥ፣ ኃላፊ ባለበት፣ ማዳመጥና ማረጋጋት፣ ወደ ጤና ተቋም ማገናኘት፣ የቡድን ውይይት መምራት ግን ትችላለህ። ይህም ቀላል ሥራ አይደለም። በቴሌግራም በቪዲዮ "ናርሲሲስት ባል ምልክቶች" እያሉ ገንዘብ ስለሚሰበስቡት ባልናገር ይሻላል፤ ደሜ ይፈላል።

ጥያቄ፦ እኔ ራሴ ድብርት አለብኝ። ሳይኮሎጂ ብማር ይለቀኝ ይሆን?

እህቴ፣ ጥያቄሽ ከባድ ስለሆነ በቀጥታ ልመልስ። ትምህርቱ ሕክምና አይደለም። አብኖርማል ሳይኮሎጂ ስትወስጂ በየምዕራፉ ራስሽን ታገኛለሽ፤ ይህ ጤነኛውንም ይይዘዋል፣ በሕክምና ተማሪዎችም የታወቀ ነው። ድብርት ያለበት ሰው ግን በዚያ ላይ ሊብስበት ይችላል። መጀመሪያ ሐኪም እዪ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ የምክር አገልግሎትና ክሊኒክ አላቸው፤ አዲስ አበባ ከሆንሽ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል አለ፣ ሌሎች ሆስፒታሎችም የሳይካትሪ ክፍል አላቸው። እየታከምሽ መማር ትችያለሽ፤ እንዲህ አድርገው ግሩም ባለሙያ የሆኑ አውቃለሁ። ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ካለ ዛሬውኑ ለቅርብ ሰው ንገሪ፣ ወደ ጤና ተቋምም አብራችሁ ሂዱ።

ጥያቄ፦ ፕራክቲከም ላይ በትክክል ምን ይሠራል?

እንደየዩኒቨርሲቲው ነው። ትምህርት ቤት የሚላክ አለ፣ ማረሚያ ቤት የሚላክ አለ፣ የአእምሮ ሆስፒታል የሚላክ አለ። ሆስፒታል ከደረሰህ ዋናው ሥራህ ማየት ነው። ሐኪሙ በሽተኛውን ሲጠይቅ ትከታተላለህ፦ አለባበሱ፣ አነጋገሩ፣ ስሜቱ፣ ያለበትን ቦታና ቀን ማወቁ።

መጽሐፉ ላይ ትኩረትን ለመለካት "ከ100 ላይ 7 እየቀነሱ ይቁጠሩ" የሚል አለ፦ 93፣ 86፣ 79 እያሉ። ይህን ፊደል ላልቆጠሩ ገበሬ ብትሰጣቸውና ባይመልሱ የለካኸው ትምህርት ቤት አለመግባታቸውን ነው። ስለዚህ የሳምንቱን ቀናት ወደ ኋላ እንዲቆጥሩ፣ ወይም "ከመቶ ብር በ35 ብር ጨው ቢገዙ ስንት ይመለስልዎታል?" ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ገበያ ላይ ከአንተ በላይ ሊያሰሉ ይችላሉ። የምዘና ኮርስ ላይ "ቫሊዲቲ" እያሉ ሲያሸመድዱህ የከረሙት ነገር ትርጉሙ ይህ ነው፦ መለኪያህ የሚለካው ልትለካ ያሰብከውን መሆኑ።

ጥያቄ፦ ትምህርቱ የፈረንጅ ነው ይባላል። እኛ አገር ይሠራል?

ንድፈ ሐሳቡ አብዛኛው ከውጭ ነው፣ ምሳሌውም ስለ አሜሪካ ኮሌጅ ተማሪ ነው። ነገር ግን አገር ውስጥ የተሠራ የለም ማለት አይደለም። ቡታጅራ ላይ ከ1979 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ጥናት በኋላ በከባድ የአእምሮ ሕመም ላይ ሰፊ ክትትል የተደረገበት ሆኗል፤ ዓለም የሚጠቅሰው ነው። የድብርት መለኪያው ፒኤችኪው-9ም በአማርኛ ተፈትሿል። መምህራችሁ እነዚህን ካላነሳላችሁ እናንተ አንሱ።

ሌላው ደግሞ የፈረንጁም ቢሆን በራሱ ላይ ጥያቄ አንስቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 ተመራማሪዎች ተባብረው የታተሙ 100 የሳይኮሎጂ ጥናቶችን እንደገና ሠሩ፤ የመጀመሪያው ዓይነት ውጤት የተገኘባቸው 40 እንኳ አልሞሉም። ይህን የሚነግርህ መምህር ካገኘህ አትልቀቀው።

ጥያቄ፦ ከሃይማኖት ጋር አይጋጭም? ጸበል የሚሄድን ሰው ምን ትሉታላችሁ?

እንዳይሄድ አንልም። መድኃኒቱን ግን እንዳያቋርጥ እንለምናለን። ፍሮይድ የሚባለው ታዋቂ የሥነ ልቦና ሊቅ ስለ እምነት ያለው የራሱ የፍሮይድ ሐሳብ ነው፤ ፈተና ላይ ትጽፈዋለህ እንጂ አትማልበትም።

ጥያቄ፦ የመውጫ ፈተናው ያስፈራል። ምን ላንብብ?

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሳያልፉ ዲግሪ የለም፤ 50 እና ከዚያ በላይ ማምጣት ነው፣ የወደቀ ደግሞ መልሶ ይቀመጣል። ምርጫ ብቻ ስለሆነ ቀላል ይመስላል፤ የሚጥለው ግን ትርጉም ጠያቂው ሳይሆን ምሳሌ ሰጥቶ የሚጠይቀው ነው። ለምሳሌ፦ እናቱ አልጋውን እስኪያነጥፍ ትነዘንዘዋለች፣ ሲያነጥፍ ዝም ትላለች፣ ልጁም ከዚያ በኋላ ቶሎ ማንጠፍ ጀመረ። ግማሹ ተማሪ "ቅጣት" ብሎ ያከብባል። መልሱ ኔጋቲቭ ሪኢንፎርስመንት ነው፤ ባህሪው ጨምሯላ፣ የጨመረውም የማይወደው ነገር ስለተነሳለት ነው። በዚህ መልኩ ለእያንዳንዱ ጽንሰ ሐሳብ ከሰፈርህ ምሳሌ ፍጠር። ሃንድአውት ብቻ ይዘህ አትግባ።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ፣ ሁለት ልጆች አሉኝ። በርቀት መማር እችላለሁ?

ትችያለሽ፣ ለሥራሽም ይጠቅማል። ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት ግን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አጣሪ። ዕውቅና የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም ብቻ አይደለም፤ ለፕሮግራሙ፣ ለካምፓሱና ለአሰጣጡ ነው። በመደበኛ ዕውቅና ያለው ኮሌጅ በርቀት ላይኖረው ይችላል። "በሂደት ላይ ነው" ካሉሽ ቦርሳሽን ዝጊ።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነው ያለሁት፣ ከአገር ቤት ሳይኮሎጂ ተመርቄ መጥቻለሁ። ፓርኪንግ እየሠራሁ ነው። ዲግሪው እዚህ ይጠቅማል?

ይጠቅማል፣ ወንድሜ። መጀመሪያ ትራንስክሪፕትህን ኮርስ በኮርስ አስገምግም። እዚያ "ሳይኮሎጂስት" ለመባል በጥቅሉ ዶክትሬትና የስቴቱ ላይሰንስ ይጠየቃል፤ ረጅም መንገድ ነው። ብዙ ሐበሻ የሚሄድበት አጭሩ በሶሻል ወርክ ማስተርስ ሠርቶ፣ በሱፐርቪዥን ሰዓት ሞልቶ፣ ፈተና ወስዶ ላይሰንስ ማውጣት ነው። ማስተርሱ ዕውቅና ያለው መሆኑን አረጋግጥ፤ የላይሰንሱ ሕግ ከስቴት ስቴት ይለያያል፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያም አንድ አይደሉም። እስከዚያው በባችለር ብቻ ኬዝ ማኔጀርነት መሞከር ይቻላል። አማርኛህ ደግሞ እዚያ ተፈላጊ ነው፤ ሲቪህ ላይ ከላይ ጻፈው።

ጥያቄ፦ ላፕቶፕ የግድ ነው?

ሁለተኛ ዓመት ላይ በላይብረሪ ኮምፒውተር ትወጣዋለህ። ለሲኒየር ኢሴይ ግን ከሁለት ጓደኛ ጋር አዋጥተህም ቢሆን ያገለገለ ግዛ፣ ዳታህንም ፍላሽ ላይ ብቻ አታስቀምጥ።