መልስ፦ የራኩን ልጆች አይናቸው የተዘጋው ታመው ነው?
ሰላም ወንድሜ፣ ቪዲዮ ላይ ያየሃቸው የራኩን (ሰሜን አሜሪካ የሚኖር የዱር እንስሳ ነው) ልጆች አይናቸው ያልተገለጠው ታመው ነው ወይ ብለህ ጠይቀሃል፣ አይ አልታመሙም፣ ልክ እንደ ውሻ ቡችላ አይናቸውም ጆሯቸውም ድፍን ብሎ ነው የሚወለዱት። እናትየው 63 ቀን ገደማ አርግዛ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ትወልዳለች፣ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ የብርዱ ወራት ሲያልፍ ማለት ነው፣ የዛፍ ግንድ ጉድጓድ ካገኘች እዛ ካላገኘች ሰው ቤት ጣራ ስር ገብታ። አይናቸው 3 ሳምንት አካባቢ ይገለጣል፣ 2 ወር ሲያልፋቸው እናታቸውን ተከትለው ማታ ማታ መውጣት ይጀምራሉ። አባትየው ማሳደጉ ላይ የለበትም ሁሉንም እሷ ብቻዋን ናት የምትለፋው። የኛ ጅብ ግን ግልገሉ አይኑ ተገልጦ ጥርስም አብቅሎ ነው የሚወለደው፣ በጣም ይለያያሉ።

በናትህ አንድ ነገር ልለምንህ፣ እንዲህ አይነት ግልገል ብቻውን ስታዩ ተጥሏል ብላችሁ አታንሱ። እዚህ ጎጃም ገጠር የሚዳቋ ግልገል ቁጥቋጦ ስር ተኝታ ሲያገኟት አቅፈው ቤት ያመጧታል፣ እናቷ እኮ ደብቃት ምግብ ፍለጋ ሄዳ ነው፣ ስትመለስ ታጣታለች።