ጥያቄና መልስ፦ አሮጌውን ሞሲን ላሻሽለው ወይስ እንዳለ ልያዘው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ከሠራዊት ትርፍ የወጣ ሞሲን ናጋንት 91/30 የተባለ የሩሲያ ጠመንጃ በርካሽ ገዝቻለሁ። ፈቃድ አለኝ፤ የምተኩሰውም ወረቀት ኢላማ ላይ ብቻ ነው። አሥር ጥይት ያህል ከተኮስኩ በኋላ መቀባበያው (ጥይት የሚያጎርሰው ተንሸራታች ብረት) ይነክሳል፤ በመዳፌ ካልመታሁት አይከፈትም። ጥይቱም ወደ ቀኝ ያደላል። ጓደኞቼ «ሰደፉን በፕላስቲክ ቀይረው፣ የማነጣጠሪያ መነጽር ግጠምለት» ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለጊዜው ምንም አትግዛ። ከነገርከኝ ውስጥ አዲስ ዕቃ የሚፈልግ አላየሁም።

ከመቀባበያው ልጀምር። እነዚህ ጠመንጃዎች ለአሥርት ዓመታት መጋዘን የተኙት በግሪስ ተለቅልቀው ነው። ላዩን ጠርገኸው ይሆናል፤ ጥይቱ የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ግን ደርቆ የቀረ አለ። መሣሪያው ሲግል ይለሰልስና ቀለሁን ጭምድድ አድርጎ ይይዘዋል። ጥይት አለመኖሩን በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥና መቀባበያውን አውጣው። ወፈር ባለ የናስ ብሩሽ ላይ ጨርቅ ጠቅልል፤ ነጭ ጋዝ ነክረህ ከኋላ በኩል አስገባና አሽከርክር። ጨርቁ መጀመሪያ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ነው የሚወጣው። ነጭ ሆኖ እስኪወጣ አትተወው።

ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ዝገት ነው። የድሮው ወታደራዊ ጥይት መቀጣጠያ ውስጥ ፖታሲየም ክሎሬት አለ። ሲቃጠል ጨው ሆኖ ጥይቱ በሚያልፍበት ቱቦ ውስጥ ይቀራል፤ ጨው ደግሞ እርጥበት ይስባል። ዘይት ጨው አያሟሟም፤ የሚያሟሟው ውሃ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ የመጀመሪያ ጠመንጃዬን በዘይት ብቻ ወልውዬ አስቀመጥኩት። ከሁለት ሳምንት በኋላ በብርሃን ሳየው ቱቦው ውስጥ የተቀረጹት መስመሮች ቡናማ ሆነዋል። ያ ቱቦ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አንተ በተኮስክበት ዕለት፣ ማታውኑ፣ የፈላ ውሃ ከኋላ አፍስስበት። ትኩስ ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል። ከዚያ በደረቅ ጨርቅ፣ በመጨረሻ በቀጭን ዘይት። የመቀባበያውን ፊትም እንዲሁ እጠበው። ዘንጉን ሁልጊዜ ከኋላ አስገባ፤ ብዙዎቹ አፈሙዛቸው የተበላው በጥይት ሳይሆን ከፊት በሚገባ የብረት ዘንግ ነው።

ወደ ቀኝ ማድላቱ ሌላ ነገር ነው። የ91/30 ማነጣጠሪያ የሚስተካከለው ሳንጃው ተሰክቶ ነበር። ሳንጃውን ስታወጣ ጥይቱ ቦታ ይቀይራል። መፍትሔው የፊት ማነጣጠሪያውን ወደ ቀኝ፣ ማለትም ጥይቱ ወዳደላበት፣ በትንሽ በትንሹ መግፋት ነው።

መነጽሩን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፤ አልደግፈውም። ከመቀባበያው በላይ ለመግጠም ብረቱ ይበሳል፣ ቀጥ ያለው እጀታም ተቆርጦ ይታጠፋል። አምስቱን ጥይት ከላይ በአንዴ መጉረስም ይቀራል። አንዴ ከበሳኸው መልሰህ አትደፍነውም። ሰደፉን መቀየር ትችላለህ፤ ግን የድሮውን እንጨት ሳትቆርጥ አስቀምጠው። እሱን መቀየር ምቾት ይጨምርልህ ይሆናል እንጂ የተበላ ቱቦ አያድንም።

ስለዚህ እንደገና ከመተኮስህ በፊት መሣሪያውን ባለሙያ ጋ ውሰደው። የመቀባበያውና የቱቦው ቁጥር ይመሳሰል እንደሆነ ይይልህ፤ በመቀባበያውና በጥይቱ መካከል ያለውንም ክፍተት ይለካልህ። ደህና ነው ካለህ፣ ከ100 ሜትር ጠመንጃውን አስደግፈህ አምስት አምስት ጥይት በሁለት ወረቀት ላይ ተኩስ። ቀዳዳዎቹ ስንት ሴንቲሜትር እንደተራራቁ ለክተህ ጻፍልኝ፤ ስለ ማሻሻል ያኔ እንነጋገራለን።