«ቫይረስ ተገኝቷል፣ ይክፈሉ» የሚለው መስኮት፦ ጥያቄና መልስ

ከደሴና ከኮምቦልቻ ስለ ሐሰተኛ አንቲቫይረስ የደረሱኝን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤ እመልሳለሁ። ነገሩ አንቲቫይረስ መስሎ የሚገባ ትሮጃን ነው፤ ትሮጃን ማለት ጠቃሚ መስሎ የሚገባ ጎጂ ፕሮግራም ነው። ቫይረስ አገኘሁ ብሎ ያስደነግጣል፤ ከዚያ ላጥፋልህ ክፈል ይላል።

ጥያቄ (ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ደሴ ፒያሳ)፦ ሰላም ወንድሜ። ጠዋት ኮምፒውተሩን ስከፍት ጭኜው የማላውቀው አንቲቫይረስ በራሱ መሥራት ጀመረ። ወርድ ልከፍት ስል «ፋይሉ ተበክሏል» ብሎ ይዘጋብኛል። ደንበኛ ተሰልፎ ቆሟል። ልክፈል እንዴ?

መልስ፦ አትክፈይ እህቴ። አብሽሪ፣ ሰነዶችሽ ምንም አልሆኑም። ወርድን የሚዘጋው ትሮጃኑ ራሱ ነው። የምትከፍቺውን ፕሮግራም ሁሉ እየጠበቀ ያቋርጠዋል። እየሠሩ ያሉትን ፕሮግራሞች የሚያሳየውን ታስክ ማናጀርንም ሊከለክልሽ ይችላል፤ እዚያ ከታየ ይያዛላ!

ስካኑን ልብ ብለሽ እዪው። በአንድ ደቂቃ ይጨርሳል፣ ሁልጊዜም ብዙ ቫይረስ ያገኛል። እውነተኛ ሙሉ ስካን ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል፤ ምንም ሳያገኝ የሚጨርስበት ጊዜም ብዙ ነው። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ዲፌንደር ደግሞ ያገኘውን ለማጥፋት አምስት ሳንቲም አይጠይቅም። ስለዚህ ዋናው መለያ ይኼ ነው፦ አንቺ ያልጫንሽው ሆኖ ገንዘብ ከጠየቀ በሽታው እሱ ነው።

ከጀርባው ትልቅ ንግድ አለ። ዊንፊክሰርና ኤክስፒ አንቲቫይረስ የሚባሉትን ይሸጡ የነበሩትን ሰዎች የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን በ2008 እ.ኤ.አ. ከሷቸው ነበር። በ2012 ፍርድ ቤቱ ከ163 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፈል ወስኗል።

ጥያቄ (ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ደሴ)፦ እኔም መስኮቱ መጥቶብኛል፤ አልከፈልኩም። አሁን በምን ላውጣው?

መልስ፦ መጀመሪያ ኢንተርኔቱን ቁረጥ። መስኮቱ ላይ ምንም አትጫን፤ የኤክስ ምልክቷ እንኳ የእነሱ ሥዕል ልትሆን ትችላለች።

ከዚያ ንጹሕ በሆነ ሌላ ኮምፒውተር ማልዌርባይትስ የሚባለውን ማጽጃ ወይም የማይክሮሶፍት ሴፍቲ ስካነርን ከራሳቸው ገጽ አውርደህ በፍላሽ ያዝ። ሴፍቲ ስካነር ከወረደ ከ10 ቀን በኋላ ጊዜው ያልፍበታል፤ አምና ያወረድከው አይሠራም።

ቀጥሎ ሴፍ ሞድ ግባ፤ ዊንዶውስ የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ የሚነሳበት መንገድ ነው። ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ከሆነ ሺፍትን ተጭነህ ይዘህ ሪስታርት በል። ትራብልሹት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ስታርትአፕ ሴቲንግስ ብለህ እንደገና ሲነሳ 4 ቁጥርን ተጫን። በዊንዶውስ 7 ደግሞ ማሽኑ ሲነሳ ኤፍ 8ን መጫን ነው። ሴፍ ሞድ ላይ አብዛኞቹ ትሮጃኖች አይነሱም፤ የልብህን ትሠራለህ። ከፍላሹ ስካን አድርግ። ስካነሩን አላስነሳ ካለህ የፋይሉን ስም ቀይረህ ሞክር፤ አንዳንዶቹ የሚከለክሉት በስም እያዩ ነው።

ስካኑ ሲያልቅ፣ ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ከሆነ፣ ታስክ ማናጀር ውስጥ ስታርትአፕ የሚለውን ክፈት፤ ማሽኑ ሲነሳ አብረው የሚነሱት ፕሮግራሞች ዝርዝር ነው። ዝባዝንኬ ፊደል የተደረደረበት ስም ካየህ ፋይሉ የት እንደተቀመጠ እይ። አፕዳታ ወይም ፕሮግራምዳታ ፎልደር ውስጥ ከተደበቀ በጣም ተጠራጠር። በመደበኛው ዊንዶውስ ከተነሳህ በኋላ የዲፌንደርን ኦፍላይን ስካን አስጀምር። ማሽኑን አጥፍቶ ዊንዶውስ ሳይነሳ ይፈትሻል፤ 15 ደቂቃ አካባቢ ነው።

ቫይረሱ ወጥቶ ኢንተርኔት እምቢ ካለህ የፕሮክሲ ሴቲንግን እይ፤ ፕሮክሲ ኢንተርኔትህ በሌላ ኮምፒውተር በኩል እንዲያልፍ የሚያደርግ ነው። ትሮጃኑ የራሱን ፕሮክሲ ትቶብህ ሄዶ ይሆናል። አጥፋው።

ጥያቄ (የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ኮምቦልቻ)፦ ሃርድ ዲስክህ ሊበላሽ ነው የሚል መስኮት መጣና ዴስክቶፑ ባዶ ሆነ። የመመረቂያ ጽሑፌ እዚያ ላይ ነው። ጥገና ቤት ወስጄው «ፎርማት ይደረግ» አሉኝ።

መልስ፦ እባክህ ወንድሜ፣ ፎርማት እንዳታስደርግ! ገና ሳያዩት ፎርማት የሚል ባለሙያ በጣም ያሳዝነኛል። የስንት ተማሪ ድካም በዚህ ጠፍቷል። ይኼኛው ዓይነት ብዙ ጊዜ ፋይል አያጠፋም፤ ይደብቃል። ፎልደር ከፍተህ ቪው ውስጥ ሂድን አይተምስ የሚለውን ምረጥ። ካልታየህ በፎልደር ኦፕሽንስ ውስጥ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ ከሚለው ላይ ምልክቱን አንሳ። ጽሑፍህ ደብዘዝ ብሎ ብቅ ሊል ይችላል። መጀመሪያ እሱን ሌላ ቦታ ገልብጥ፣ ከዚያ ጽዳቱን ጀምር። ጊዜያዊ ፋይሎች የሚቀመጡበትን የቴምፕ ፎልደርንም ከዚያ በፊት አታጽዳ፤ አንዳንዱ አቋራጮችህን (ሾርትከቶችህን) ወስዶ የሚያስቀምጠው እዚያ ነው።

ጥያቄ (ጡረታ የወጡ መምህር፣ ደሴ)፦ ልጄ፣ ማስጠንቀቂያው ላይ ስልክ ቁጥር ነበረው። ደወልኩ። ሰውየው አንድ ፕሮግራም አስጭኖኝ ማውሱን ራሱ ሲያንቀሳቅስ አየሁ። ፈራሁና ሶኬቱን ነቀልኩት።

መልስ፦ ጋሼ፣ ሶኬቱን መንቀልዎ ትክክል ነው። ማይክሮሶፍት በማስጠንቀቂያው ላይ ደውሉልኝ ብሎ ስልክ ቁጥር አያወጣም። አሁን ኢንተርኔት ሳያገናኙ ያንን ፕሮግራም ያስወጡትና ማሽኑን ያስፈትሹ። የኢሜይልና የባንክ የይለፍ ቃልዎን በሌላ ኮምፒውተር ወይም በስልክዎ ዛሬውኑ ይቀይሩ። የካርድ ቁጥር ሰጥተው ከሆነ ባንኩ እንዲዘጋልዎ አሁኑኑ ይደውሉ። ከእንግዲህ ማንም ቢደውልልዎ የቴሌብር ሚስጥር ቁጥርዎን አይንገሩ።

ጥያቄ፦ እኔ ምንም አልጫንኩም። ግን በስክሪኑ ጥግ «ቫይረስ አለብህ» የሚል መልእክት ቶሎ ቶሎ ይመጣል።

መልስ፦ ይኼ ቀላል ነው። የሆነ ገጽ ላይ ኖቲፊኬሽን ፍቀድ ሲልህ ፈቅደሃል። ክሮም ሴቲንግ ውስጥ የኖቲፊኬሽን ዝርዝሩን ክፈትና የማታውቀውን ሁሉ አስወጣ። ስልክ ላይም ያው ነው። ገጹ ሙሉ ስክሪን ይዞ ከጮኸብህ ኢስኬፕን ተጭነህ ቆይ፣ ካልሆነ ኦልትና ኤፍ 4።

ጥያቄ፦ ክራክ የተደረገ (ሳይከፈልበት እንዲሠራ የተሰበረ) አንቲቫይረስ ብጠቀምስ?

መልስ፦ ክራኩ ገና ሲጫን «መጀመሪያ ዲፌንደርን አጥፋ» ይልሃል። ዘበኛህን አባርሮ የሚገባ እንግዳ ምን ሊያደርግ መጣ? ተወው። ዲፌንደር በነጻ አለልህ፤ እሱ ይበቃሃል።

ጥያቄ፦ ማክ ነው የምጠቀመው፤ አይነካኝም አይደል?

መልስ፦ ይነካል። በ2011 እ.ኤ.አ. ማክ ዲፌንደር የሚባል ሐሰተኛ አንቲቫይረስ ብዙ ሰው አስቸግሮ፣ አፕል ራሱ ማጽጃ አውጥቶለታል።

ጥያቄ (ጽሕፈት ቤት፣ ኮምቦልቻ)፦ እኛ ጋ ኢንተርኔት የለም። የሰው ፍላሽ ግን ቀኑን ሙሉ ይሰካል።

መልስ፦ ኢንተርኔት ስለሌላችሁ አንቲቫይረሱ አዳዲሶቹን አያውቃቸውም። የዲፌንደርን ማደሻ ፋይል ከማይክሮሶፍት ገጽ ኢንተርኔት ባለበት አውርዳችሁ በፍላሽ ማምጣት ይቻላል። በሳምንት አንዴ እንኳ አድርጉት። ፍላሽ ሲሰካ በራሱ የሚከፍተውን አውቶፕለይን አጥፉ። የደንበኛ ፍላሽ ሲሰካ ሳትከፍቱ ስካን አድርጉ። ፎልደሮቹ ሁሉ አቋራጭ ሆነው ከታዩ አትጫኗቸው፤ እውነተኞቹ ተደብቀዋል፣ ለተማሪው በነገርኩት መንገድ ይወጣሉ። ከተቻለ ደግሞ የደንበኛ ፍላሽ የሚሰካበትን ማሽን ለይታችሁ የደመወዝና የሂሳብ ፋይል ያለበትን ለብቻው አስቀምጡት።