እየበላች የምትከሳ ዶሮ

ጥያቄ፦ ሁለት ዓመት ያለፋት እንቁላል ጣይ ዶሮ አለችኝ። መኖ ስበትን ከሌሎቹ እኩል ትሮጣለች፤ ሳነሳት ግን ላባ ብቻ ሆናለች፣ የደረቷ አጥንት እጅ ይወጋል። እንቁላል ካቆመች ሰንብታለች። ሌሎቹ ደህና ናቸው። ቤት ውስጥ ከሰው የተረፈ አንቲባዮቲክ አለ፤ በውሃ በጥብጬ ልስጣት?

መልስ፦ አይስጧት፣ እባክዎ። እየበሉ ለሚከሱ ዶሮዎች ዋነኞቹ ምክንያቶች የአንጀት ትል፣ ደም መጣጭ ተባይ፣ ዕጢ ወይም የዶሮ ሳንባ ነቀርሳ ናቸው። እርስዎ ያለዎት መድኃኒት ለአንዳቸውም አይሆንም። ይልቁንም የአንጀቷን ጤና ያዛባል፣ ቅሪቱም በእንቁላል በኩል ወደ ሰው ይደርሳል።

መጀመሪያ ለብቻዋ ያድርጓት። ይህ ሌሎቹን ከበሽታ ለመጠበቅ ብቻ አይደለም፤ በእርግጥ እየበላች መሆኑንም የምናውቀው እንዲህ ነው። ወደ መኖው የሮጠች ዶሮ ሁሉ በላች ማለት አይደለም። አቅም ያጣችውን ሌሎቹ እየነከሱ ያባርሯታል፤ አንዳንዷም ጥሬውን እያነሳች ትጥለዋለች እንጂ አትውጠውም። ጠዋት መኖውን መዝነው ይስጧት፣ ማታ የተረፈውን ይመዝኑ። ጤነኛ እንቁላል ጣይ በቀን ከ100 እስከ 120 ግራም ትበላለች። ግማሹን እንኳ ካልበላች ነገሩ ሌላ ነው ማለት ነው።

በማግስቱ ጠዋት፣ መኖ ሳይቀርብላት፣ ከአንገቷ ሥር ያለውን የምግብ ከረጢት በእጅዎ ይዳብሱት። ሌሊቱን ባዶ ሆኖ ማደር አለበት። ጠጥሮ ካገኙት ሣር ወይም ገለባ ዘግቶታል። ለስላሳና ውሃ የቋጠረ ሆኖ የአፏ ሽታ ከኮመጠጠ ደግሞ ምግቡ እዚያው እየቦካ ነው። በሁለቱም ጊዜ ባለሙያ ይያት። ዘቅዝቆ ማስተፋት የሚሉትን አይሞክሩት፤ ፈሳሹ ወደ ሳንባዋ ገብቶ እጅዎ ላይ ልትሞት ትችላለች። ሆዷ ተወጥሮ እግሯን ከፍታ የምትቆም ከሆነም እንቁላል ወይም ፈሳሽ ውስጧ ተጠራቅሞ ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ ማየት አለበት።

ከረጢቱ ባዶ ከሆነና በደንብ ከበላች ትልንና ተባይን ይጠርጥሩ። ሌሊት ባትሪ ይዘው ቆጡን ይፈትሹ። ቀን በእንጨቱ ስንጥቅ ተደብቀው ሌሊት ደም የሚመጥጡ ጥቃቅን ቀያይ ተባዮች አሉ፤ ቀን ቀን ገላዋ ላይ ስለማይገኙ ብዙ አርቢ አያውቃቸውም። ካሉ ሌሎቹንም ያደክማሉ፣ ግን የታመመችው ቀድማ ትጎዳለች። አናቷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ከገረጣ ደም እያጣች ነው።

ለትል መድኃኒት ከመግዛትዎ በፊት ትኩስ ኩሷን በንጹህ ዕቃ ይዘው ወደ እንስሳት ሐኪም ይሂዱ። በማይክሮስኮፕ የትሉ እንቁላል ይታያል። ይህን አጥብቄ የምለው መድኃኒቶቹ ስለሚለያዩ ነው፦ ፒፐራዚን ትልቁን ወስፋት ያስወጣል፣ ቀጭኑን የፀጉር ትልም ሆነ ጠፍጣፋውን የኮሶ ትል ግን አይነካም። ሌቫሚዞልና ፌንቤንዳዞል ከዚያ ሰፋ ያለ ሥራ ይሠራሉ። መጠኑ በክብደት ስለሚሰላ ይመዝኗት፤ ከሳ ያለችን ዶሮ በዓይን ገምቶ መስጠት አደገኛ ነው። ከ2 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ መድገም ሊያስፈልግ ይችላል። ትል ከተገኘ ሌሎቹም ይታከሙ፣ ጉዝጓዙም ይቀየር፤ የትል እንቁላል አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል። እንቁላሉን ለምን ያህል ቀን እንደማይበሉ ሐኪሙን ይጠይቁት።

እስከዚያው ሙቀት ይስጧት። የዶሮ የሰውነት ሙቀት 41 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሥጋዋ ያለቀ ዶሮ ይህን ለመጠበቅ ያላትን ሁሉ ታቃጥላለች። ነፋስ የማይገባበት፣ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ የሚሞቅ ጥግ ያዘጋጁላት፤ ሲሞቃት የምትሸሽበት ቦታም ይኑራት። የለመደችውን መኖ በለብ ያለ ውሃ አርጥበው ጥቂት በጥቂት፣ ቀኑን ሙሉ ያቅርቡላት። ተቀቅሎ የተፈጨ እንቁላል ቢጨመርበት ጥሩ ነው። በጉሮሮዋ በግድ ውሃ አያፍስሱ።

በየሦስት ቀኑ፣ ጠዋት ከመብላቷ በፊት ይመዝኗት። ትሉም ተባዩም ታክሞ፣ በሙቀት ተይዛ፣ እየበላች ክብደቷ ለሁለት ሳምንት መውረዱን ከቀጠለ፣ በተለይም ማነከስ ከጀመረች፣ የዶሮ ሳንባ ነቀርሳ ወይም ዕጢ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ለሁለቱም የሚያድን ሕክምና የለም። የሳንባ ነቀርሳው ደግሞ በኩስ ይሰራጫል፣ አፈር ውስጥም ለዓመታት ይኖራል። ያን ጊዜ ማቆየት እሷን ማሰቃየት፣ ሌሎቹንም ለአደጋ ማጋለጥ ነው። ሐኪሙ ሳትሰቃይ ያሳርፋት፣ ከፍቶም ጉበቷንና አንጀቷን ይይ፤ ግራጫ ነጭ እባጮች ከተገኙ ስለቀሩት ዶሮዎች ምን እንደሚደረግ እዚያው ይነግርዎታል። ሥጋዋ ግን ለምግብ አይሆንም።